ቀሪዋ ነጥብ ከማን ትመጣለች?

የእህቴ ልጅ የላከልኝ መልእክት አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ታውቅ ነበር እኮ!» ይላል። ወዲያው ሌላ አስከተለ። «የነገውንስ ማን ይበላል?»

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ኖቬምበር 25 ቀን 2023 (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ስፔን፣ ማላጋ ላይ ጣልያን ሰርቢያን 2 ለ 1 አሸንፋ ለዴቪስ ካፕ፣ ለወንዶች የአገሮች የቴኒስ ውድድር፣ ፍጻሜ ማለፏ ነው። ጠዋት በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ዛሬ ጣልያን ታልፋለች» ብዬ ጽፌ ነበር። ያልኩት ሆነ። ልጁ የውርርድ ቤት ደንበኛ ስለሆነ ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። ከዚያች ማታ ጀምሮ በእሱ ዓይን የቴኒስ ጠቢብ ሆንኩ።

እኔ ግን የሚገባኝን ያህል ደስ አላለኝም። የሆነ ነገር ከነከነኝ። ግጥሚያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ። መሀል ላይ አንዲት ቅጽበት ነበረች። በዚያች ቅጽበት ስለ ጣልያን ማለፍ ደፍሮ የሚናገር ሰው አይገኝም። እኔም አልናገርም ነበር። ታዲያ ጠዋት የጻፍኩት ምን ዋጋ ነበረው? የወንዶች ቡድን ቴኒስ ውጤትን አስቀድሞ መገመት ይቻላል? ከተቻለስ፣ በትክክል የምንገምተው ምኑን ነው?

ዜሮ ለአርባ

በአሁኑ ሥርዓት፣ በዴቪስ ካፕ የመጨረሻ ምዕራፍ፣ አንድ የአገሮች ግጥሚያ ሦስት ጨዋታ አለው። መጀመሪያ የየቡድኑ ቁጥር ሁለት ተጫዋቾች ይገናኛሉ። ቀጥሎ ቁጥር አንዶቹ። እኩል ከሆኑ የጥንድ ጨዋታው ይለያቸዋል።

የሰርቢያው ሚዮሚር ኬችማኖቪች ሎሬንዞ ሙሴቲን 6 ለ 7፣ 6 ለ 2፣ 6 ለ 1 አሸነፈ። ስለዚህ ያኒክ ሲነር ሜዳ ሲገባ ጣልያን 1 ለ 0 ተመርታለች። ከመረቡ ወዲያ የቆመው ደግሞ ኖቫክ ጆኮቪች ነው። የዓለም ቁጥር አንድ። ከ2011 ወዲህ በዴቪስ ካፕ በነጠላ ተሸንፎ አያውቅም። ከስድስት ቀን በፊት ቱሪን ላይ፣ በዓመቱ መዝጊያ ውድድር ፍጻሜ፣ ሲነርን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት 6 ለ 3፣ 6 ለ 3 ረትቶታል። እርግጥ በዚያው ውድድር የምድብ ጨዋታ ላይ ሲነር አሸንፎት ነበር። ሁለቱም እየተዋወቁ ነው የተገናኙት።

ሲነር የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 2 ወሰደ። ጆኮቪች ሁለተኛውን በዚያው ውጤት መለሰ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጆኮቪች 5 ለ 4 እየመራ፣ ሲነር ሰርቭ ሊያደርግ (ነጥቡን የምታስጀምረውን ኳስ ሊመታ) ቆመ። ሦስት ነጥብ በተከታታይ አጣ። ዜሮ ለአርባ። ሦስት ማች ፖይንት። ጆኮቪች ከሦስቱ አንዷን ብቻ ቢያገኝ ሰርቢያ ለፍጻሜ አልፋለች።

አንዷንም አላገኘም። ሲነር ጌሙን (ዙሩ የሚቆጠረው በጌም ነው) አዳነ፤ ቀጥሎ ጆኮቪች ሰርቭ ያደረገበትን ጌም ወሰደበት፤ ዙሩን 7 ለ 5 ጨረሰው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ለጥንዱ ተመልሰው ገቡ። ሲነር ከሎሬንዞ ሶኔጎ ጋር፣ ጆኮቪች ከኬችማኖቪች ጋር። ጣልያኖቹ 6 ለ 3፣ 6 ለ 4 አሸነፉ። በማግስቱ አውስትራሊያን 2 ለ 0 ረትተው ከ1976 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን አነሱ።

እኔ ከዜሮ ለአርባው መውጣት አልቻልኩም። ማታውኑ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሲነር ሰርቭ ከሚያደርግባቸው 100 ነጥቦች 65ቱን ያገኛል ብዬ ጀመርኩ። ለእንደሱ ዓይነት ተጫዋች የተጋነነ አይደለም። ሦስት ነጥብ በተከታታይ የማግኘት ዕድሉ 0.65ን በራሱ ሦስት ጊዜ ማባዛት ነው። 27 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ግን የሚያደርሰው አርባ እኩል ላይ ብቻ ነው። ከአርባ እኩል ተነስቶ ጌሙን የመጨረስ ዕድሉ 78 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱ ሲባዙ 21 በመቶ። ተሳካለት እንበል፤ ገና 5 እኩል ነው። ከዚያ ጨዋታውን ማሸነፉ ግማሽ በግማሽ ከሆነ 10 በመቶ ተኩል ቀረ። ጨዋታውን ቢወስድም ግጥሚያው ገና 1 እኩል ነው። ጥንዱም ግማሽ በግማሽ ቢሆንስ? አምስት በመቶ። ከሃያ አንድ።

የእህቴ ልጅ ያደነቀልኝ ግምት በዚያች ደቂቃ ዋጋው ከሃያ አንድ ነበር።

ጠዋት ለምን ጣልያን አልኩ? ምክንያት ነበረኝ። ከሁለት ቀን በፊት ጣልያን ከኔዘርላንድስ ጋር በነጠላ 1 እኩል ወጥታ፣ ሲነርና ሶኔጎ ጥንዱን አሸንፈው ነው ያለፈችው። የሰርቢያ ጥንድ ደግሞ ያን ያህል የተፈተነ አልመሰለኝም። ስለዚህ ነገሩ ጥንድ ላይ ከደረሰ ጣልያን ትሻላለች አልኩ። ጥንድ ላይ ደረሰ፤ ጣልያን ተሻለች። ምክንያቱ በሥራ ተገለጠ ማለት ይቻላል። ግን እዚያ ለመድረስ በመጀመሪያ ከሃያ አንዱ መሆን ነበረበት። ጆኮቪች ከሦስቱ አንዷን መልሶ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ምክንያት፣ ያው ጠዋት የተጻፈ መልእክት፣ «ጋሼ ተበላ» ይባልበት ነበር። እኔ ላይ የሚቀየር ነገር የለም። የሚቀየረው ማላጋ ላይ አንዲት ኳስ መስመር ውስጥ ማረፏና አለማረፏ ነው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ አንድ ግጥሚያ አይቶ «ዐወቀ» ወይም «አላወቀም» ማለት ለእኔ ትርጉም አጣ። የሚመረመረው ምክንያቱ ነው። ምክንያቶችን መመርመር ስጀምር ደግሞ የድሮ ግጥሚያዎችን ሁሉ በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

አሥራ ሁለተኛዋ

እስከ 2018 ድረስ የዴቪስ ካፕ ግጥሚያ አምስት ጨዋታ ነበረው። ዓርብ ሁለት ነጠላ፣ ቅዳሜ ጥንድ፣ እሑድ ተጋጣሚ ተለዋውጦ ሁለት ነጠላ። ሦስት ያሸነፈ ያልፋል። ዋንጫ ለማንሳት አራት አገሮችን መርታት ያስፈልጋል። አራት ጊዜ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ድል።

በ2015 ብሪታንያ ከ1936 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ስታነሳ፣ ከአሥራ ሁለቱ ድሎች አንዲ መሪ የተባለው ኮከቧ 11ዱ ላይ አለበት። ስምንቱን በነጠላ፣ ሦስቱን ከወንድሙ ከጄሚ ጋር በጥንድ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 11ዱ ነው። ይገባዋልም። እኔን የያዘኝ ግን አሥራ ሁለተኛዋ ናት።

ያቺን ያመጣት ጄምስ ዋርድ ነው። ማርች 2015፣ ግላስጎው፣ ከአሜሪካ ጋር። ዋርድ በዓለም ደረጃ ከ100 ውጭ ነበር። ተጋጣሚው ጆን ኢስነር ግን ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሰርቩ የማይነካ ግዙፍ ሰው። ዋርድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ተሸነፈ። ሁለቱን አስመለሰ። አምስተኛውን 15 ለ 13 አሸነፈ። ብሪታንያ ያን ግጥሚያ 3 ለ 2 ነው የጨረሰችው። የዋርድ ነጥብ ባትኖር የመሪ ዓመት ከዚያው ከግላስጎው አያልፍም ነበር።

የዚያን ሳምንት የቅድመ ግጥሚያ ግምት የጻፈ ሰው ስለ መሪ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም ነበር። መሪ ሁለቱን ነጠላ ያሸንፋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁለት ነጥብ ተቆጠረ። ያልታወቀው ሦስተኛዋ ከማን እንደምትመጣ ነው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም። ከዚህ ወዲህ ግጥሚያ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ሆነ። ኮከቡ የሚያመጣውን ቆጥሬ አስቀምጣለሁ። ቀሪዋ ከማን ትመጣለች?

በዚህ ጥያቄ ከተመለከትነው በ2000 ሐራሬ ላይ የሆነውም ይገባናል። አንድሬ አጋሲ የዓለም ቁጥር አንድ ነበር፤ በጃንዋሪ የአውስትራሊያን ኦፕን አሸንፎ በፌብሩዋሪ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ዚምባብዌ ገባ። የቡድኑ ካፒቴን ጆን ማክኤንሮ ነው። ስማቸውን ብቻ ያየ ሰው ግጥሚያው ቅዳሜ ያልቃል ይላል። ዚምባብዌ ግን ባይረንና ዌይን ብላክ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሯት። አጋሲ ሁለቱን ነጠላ አሸነፈ። ዚምባብዌ ደግሞ አንድ ነጠላና ጥንዱን ወሰደች። 2 እኩል። እሑድ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ አጋሲ ተመልካች ነው። ክሪስ ውድራፍ ዌይን ብላክን ባያሸንፍ ኖሮ አሜሪካ ሐራሬ ላይ ቀርታ ነበር። አፍሪካ ውስጥ የተደረገን ግጥሚያ ሳስታውስ ልቤ አሁንም ወደ ብላክ ወንድማማቾች ያዘነብላል። አንዲት ነጥብ ነበር የቀራቸው።

በ2016 ዛግሬብ ላይም እንዲሁ ነው። ሁዋን ማርቲን ዴል ፖትሮ በማሪን ቺሊች ሁለት ዙር ከተመራ በኋላ ተነስቶ ማሸነፉን ማን ይረሳል? በተሰበረ ጣት ነበር የጨረሰው። ያ ግን ክሮኤሺያንና አርጀንቲናን 2 እኩል ነው ያደረጋቸው። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ፍጻሜ ደርሳ የተሸነፈችው አርጀንቲና ዋንጫውን ያገኘችው ፌዴሪኮ ዴልቦኒስ የ37 ዓመቱን ኢቮ ካርሎቪችን 6 ለ 3፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 2 ስላሸነፈ ነው። የካርሎቪችን ሰርቭ የሚያውቅ ሰው ይህ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የዴልቦኒስን ስም ግን ስንቱ ያስታውሳል?

81 እና 72

አንዳንድ ሰው ቴኒስ ድሮ ይገመት ነበር፤ አሁን ግን ማንም ማንንም ያሸንፋል ይላል። በዴቪስ ካፕ በኩል ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። በሒሳብም ይወጣል።

ሁለት ቡድኖች እንውሰድ። አንደኛው በሁሉም ጨዋታ ትንሽ ይሻላል፤ ማንኛውንም ዙር የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው። በድሮው ሥርዓት ጨዋታው ከአምስት ዙር ሦስት ነበር። በዚህ ስሌት የተሻለው አንድ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 68 በመቶ ይሆናል። ግጥሚያው ደግሞ ከአምስት ጨዋታ ሦስት ነው። ስናሰላው 81 በመቶ። አሁን ጨዋታው ከሦስት ዙር ሁለት ነው፤ 65 በመቶ። ግጥሚያው ከሦስት ጨዋታ ሁለት ነው፤ 72 በመቶ። ቡድኑ ያው ነው። ችሎታው ያው ነው። ሥርዓቱ ስለተቀየረ ብቻ ከ81 ወደ 72 ወረደ።

ኮከብ ላላት አገርም ይሞከር። ኮከቡ ነጠላውን በእርግጠኝነት ያሸንፋል እንበል። በሌላው ጨዋታ ሁሉ ግን ቡድኑ ደካማ ነው፤ ዕድሉ 30 በመቶ ብቻ። በድሮው ሥርዓት ኮከቡ ሁለት ነጥብ ያመጣል፤ ከቀሩት ሦስት ጨዋታዎች አንዱን ማግኘት ይበቃል። ዕድሉ 66 በመቶ ነው። በአሁኑ ኮከቡ አንድ ያመጣል፤ ከቀሩት ሁለት አንዱ ያስፈልጋል። 51 በመቶ። ኮከቡ ጥንዱንም እንዲጫወት የሚደረገው ለዚህ ነው። ሲነር ማላጋ ላይ ያደረገው ይኸው ነው። ግን በድሮው ሥርዓት የሦስት ቀን ሥራ የነበረው አሁን በአንድ ማታ ነው። ከጆኮቪች ጋር ሦስት ዙር ተጫውቶ፣ ላቡ ሳይደርቅ ለጥንድ መመለስ።

ይህ ለውጥ የመጣው በ2018 ነው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከእግር ኳስ ተጫዋቹ ከጄራርድ ፒኬ ኩባንያ ከኮስሞስ ጋር የ25 ዓመት ውል ገባ። በ2019 ማድሪድ ላይ አዲሱ ሥርዓት ተጀመረ። ውሉ በ2023 መጀመሪያ ላይ ፈረሰ፤ የሦስት ጨዋታው ሥርዓት ግን ቀጠለ። እኔ በበኩሌ የድሮው ይናፍቀኛል። የሚናፍቀኝ ለመገመት ስለሚቀል አይደለም። አስተናጋጅ አገር የሚጫወትበትን ሜዳ ራሱ ይመርጥ ነበር። ፈረንሳይ በ2014 ሊል ላይ ስዊዘርላንዳዊውን ሮጀር ፌደረርን ለማስቸገር ቀይ አፈር አነጠፈች። ቤልጅየም በ2015 ጌንት ላይ በአንዲ መሪ ላይ እንዲሁ አደረገች። ሁለቱም ተሸነፉ፤ ቢሆንም ሐሳቡ፣ ብልሃቱ፣ የሕዝቡ ጩኸት የግጥሚያው አካል ነበር።

ሊል ካነሳሁ አይቀር፣ የዓርቡና የእሑዱ ፌደረር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ጀርባውን ታሞ ነበር የመጣው። ዓርብ በጋኤል ሞንፊስ 6 ለ 1፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 3 ተሸነፈ። ቅዳሜ ከስታን ዋውሪንካ ጋር ጥንዱን አሸነፈ። እሑድ ሪሻር ጋስኬን 6 ለ 4፣ 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 ረትቶ ለስዊዘርላንድ የመጀመሪያ ዋንጫዋን አመጣ። ሐሙስ የተጻፈ ግምት እሑድ ድረስ አይኖርም። ጀርባ ይሻለዋል፤ ክንድ ይታመማል፤ ሰው ይቀየራል።

ከበሮው በካፒቴኑ እጅ

ይህ ወደ ስም ዝርዝሩ ይወስደኛል። ካፒቴኑ ማን ነጠላ እንደሚጫወት የሚያሳውቀው ግጥሚያው ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። ብዙ ሰው ግን የሚወራረደው ከቀናት በፊት ነው። ማን እንደሚጫወት ሳያውቅ ማን እንደሚያሸንፍ ይወስናል።

ኖቬምበር 19 ቀን 2024፣ እንደገና ማላጋ። ስፔን ከኔዘርላንድስ። ራፋኤል ናዳል ከዚህ ውድድር በኋላ ራኬት እንደሚሰቅል ተናግሯል። ካፒቴኑ ዴቪድ ፌረር የድሮ ባልንጀራው ነው። ናዳልን በነጠላ ያሰልፈው ይሆን? አሰለፈው። ቁጥሩን ያየ ሰው ልክ ነው ይላል። ናዳል በ2004 የመጀመሪያውን የዴቪስ ካፕ ነጠላ ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ 29 ነጠላ በተከታታይ አሸንፏል። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ሰው የት ይገኛል?

ግን 29ኙ የማን ነበሩ? የጤነኛው ናዳል ናቸው። ያን ቀን ሜዳ የገባው የ38 ዓመት፣ በጉዳት የደከመ፣ በዚያ ዓመት ብዙም ያልተጫወተ ሰው ነው። ቦቲክ ቫን ደ ዛንድሹልፕ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 አሸነፈው። ካርሎስ አልካራዝ ታሎን ግሪክስፖርን ረትቶ 1 እኩል አደረገ። ጥንዱን ግን ኔዘርላንድስ በሁለት ታይብሬክ (ዙሩ 6 እኩል ሲሆን በሚለየው ጌም) ወሰደች። ናዳል በዚያው ተሰናበተ።

ፌረር ላይ መፍረድ አልችልም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው። ያን የመሰለ ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎ፣ አዳራሹ በሙሉ ስሙን እየጠራ፣ «ዛሬ ትቀመጣለህ» ማለት ቀላል አይደለም። ለገማች ግን ትምህርት ነው። ካፒቴን ማስያ ማሽን አይደለም። ያዝናል፣ ያከብራል፣ ይፈራል። ስም ዝርዝሩ ውስጥ ይህ ሁሉ አለ።

የድሮ ውጤት ሲታይ ሌላም መጠንቀቅ አለ። በድሮው ሥርዓት አንድ አገር 3 ለ 0 ከመራች በኋላ የቀሩት ነጠላዎች ብዙ ጊዜ ለወጉ ያህል ይደረጉ ነበር። ዙራቸው ያጥራል፤ ተጠባባቂዎች ይገባሉ። መዝገቡ ላይ ግን እንደማንኛውም ድልና ሽንፈት ተጽፈዋል። አንድ ተጫዋች በዴቪስ ካፕ ይህን ያህል አሸንፏል ሲባል፣ እነዚያን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ምንም ነገር ሳይኖር ማሸነፍና አገር በአንተ ላይ ተንጠልጥላ ማሸነፍ አንድ አይደሉም።

ለእህቴ ልጅ ያልኩት

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። «የነገውንስ ማን ይበላል?» አልመለስኩለትም። ደወልኩለት እንጂ።

ልጁን እወደዋለሁ። ለዚህ ነው የከበደኝ። ሰፈራችን ውስጥ ከሥራ መልስ ውርርድ ቤት የሚያመሹ ልጆች ብዙ ናቸው። እግር ኳስ ካለቀ ወደ ቴኒስ ይዞራሉ፤ ቴኒስ በየሰዓቱ አለ። ተጫዋቾቹን አያውቋቸውም። ኦዱን (ቤቱ ላሸናፊው ስንት እጥፍ እንደሚከፍል የሚያሳየውን ቁጥር) አይተው ቲኬት ይቆርጣሉ። እኔ አንድ ቀን ያልኩት ስለሆነ ብቻ ይህ ልጅ ደመወዙን በእኔ አፍ ላይ እንዲያስቀምጥ አልፈለግኩም።

በስልክ አንድ ሒሳብ ሠራን። ሁለት እኩል ቡድኖች ናቸው እንበል። ቤቱ ለሁለቱም 1.85 ኦድ ይሰጣል። አንድ መቶ ጊዜ፣ በየጊዜው 100 ብር ብታስይዝ 10,000 ብር አወጣህ። ግማሹን ብታገኝ 50 ጊዜ 185 ብር፣ 9,250 ብር ይመለሳል። 750 ብር ቤቱ ጋ ቀረ። ምንም ጥፋት ሳታጠፋ። ላለመክሰር ብቻ ከ100 ግምት ከ54 በላይ ልክ መሆን አለብህ። ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ አንተ ግን ከ54 በላይ ታገኛለህ» አለኝ። አንድ ግጥሚያ አይቶ ነው ይህን ያለው።

ከዚያ ሌላ ነገር ነገርኩት። ብር ሳታስይዝ ግምትህን በቁጥር ጻፍ አልኩት። «ጣልያን ታሸንፋለች» ሳይሆን «ጣልያን 60 በመቶ»። ግሌን ብራየር የተባለ አሜሪካዊ የአየር ጠባይ ባለሙያ በ1950 ያቀረበው መለኪያ አለ። 60 ብለህ ያልከው ከተፈጸመ፣ የጎደለህ 0.4 ነው፤ በራሱ ስታባዛው 0.16 ቅጣት። ካልተፈጸመ 0.36። ሁልጊዜ 50 የሚል ሰው ቅጣቱ ሁልጊዜ 0.25 ነው። 90 ብሎ የተሳሳተ 0.81 ይቀጣል። ከረጅም ጊዜ በኋላ አማካይህ ከ0.25 በታች ከሆነ የሆነ ነገር ታያለህ ማለት ነው። ካልሆነ ገና ነህ። ይህን መለኪያ የምወደው እውነተኛ ስለሆነ ነው። ጉራን ይቀጣል፤ ፍርሃትንም አይሸልምም።

እኔ ራሴ ሁለት ቁጥር ነው የምጽፈው። አንዱ ስም ዝርዝሩ ሳይወጣ፣ ሌላው ከወጣ በኋላ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ካፒቴኑ ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳየኛል።

ቦሎኛ

በ2025 የፍጻሜው ውድድር ወደ ጣልያን፣ ወደ ቦሎኛ ሄደ። ከወራት በፊት ግምቱን የጨረሰ ሰው ብዙ ነበር። ሲነር አለ፣ በአገሩ ነው፣ አለቀ። ከዚያ ሲነር እንደማይጫወት አሳወቀ። ሙሴቲም ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። ጣልያን ያለ ሲነር ምን እንደምትሆን ደግሞ በ2023 እዚያው ቦሎኛ ላይ አይተናል፤ በምድብ ግጥሚያ በካናዳ 3 ለ 0 ተሸንፋለች።

የቀሩት ማቴዮ ቤሬቲኒና ፍላቪዮ ኮቦሊ ናቸው። ከቤልጅየም ጋር በግማሽ ፍጻሜው ኮቦሊ ከዚዙ በርግስ ጋር ያደረገው ጨዋታ የማላጋውን ዜሮ ለአርባ ያስንቃል። ሦስተኛው ዙር ታይብሬክ ገባ። ሰባት ማች ፖይንት አዳነ። 17 ለ 15 አሸነፈ። ያን ማታ ወረቀት አላወጣሁም። እያንዳንዷን ነጥብ ቆሜ ነው ያየሁት።

ፍጻሜው ከስፔን ጋር ነበር። አልካራዝም በጉዳት አልመጣም። ሁለት የዓለም ኮከቦች ይገናኙበታል የተባለው ግጥሚያ ያለ ሁለቱም ተደረገ። ቤሬቲኒ ፓብሎ ካሬኞ ቡስታን አሸነፈ። ኮቦሊ ከጃውሜ ሙናር ጋር የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 1 ተሸነፈ። ሁለተኛውን በታይብሬክ ወሰደ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር እኔ የማስበው ስለ ኮቦሊ ብቻ አልነበረም። ስለ ጥንዱ ነበር። ስፔን ጀርመንን በግማሽ ፍጻሜው የጣለችው በማርሴል ግራኖዬርስና በፔድሮ ማርቲኔዝ ጥንድ ነው። ግራኖዬርስ የጥንድ ሊቅ ነው። ነገሩ 1 እኩል ከሆነ ጥንዱን ለስፔን 60 በመቶ ሰጥቼ ጽፌ ነበር። ስለዚህ ኮቦሊ ቢሸነፍ፣ ጣልያን በአገሯ ላይ እየተጫወተችም ቢሆን፣ ዝቅ ያለችው እሷ ናት። ቀሪዋ ነጥብ ከሌላ ሰው ልትመጣ ከሆነ አስቸጋሪ ነው። ከእሱ መምጣት ነበረባት።

ኮቦሊ 7 ለ 5 ጨረሰው። ጣልያን ሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫዋን አነሳች። ጥንዱ አልተጫወተም። ለስፔን የሰጠሁት 60 ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ጨዋታ አልተካሄደም፤ ማስታወሻዬ ላይ ቦታው እስካሁን ባዶ ነው።